በዓመታዊው የሐይቅ ጉዞ ምትክ ሳምንታዊ የእግር ጉዞ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ሐሳብ ውይይት

ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ የጡረተኞች ማኅበራችን አባላት፣ ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ረቂቅ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ሐይቅ የምናደርገው የአውቶቡስ ጉዞ ቀርቶ በምትኩ በየሳምንቱ በከተማችን በደሴ ባለው የጦሳ ተራራ ግርጌ የእግር ጉዞ እንዲጀመር የሚጠይቅ ነው። ሥራ ካቆምን ወዲህ አብዛኞቻችን ቀኑን የምንገፋው በቤትና በፒያሳ መካከል ሲሆን፣ ተራራው ከደጃችን ቆሞ ሳለ ዛፍ ሥር ከተቀመጥን ዘመን የሆነን ጥቂቶች አይደለንም። ማሻሻያም ሆነ ተቃውሞ ያላችሁ እስከ ዓርብ ጻፉ።

የጤና ንዑስ ኮሚቴ ተጠሪ፦
ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ነገር ግን በረቂቁ ውስጥ ያለው «ተፈጥሮ በሽታን ይፈውሳል» የሚለው ዐረፍተ ነገር እንዲሰረዝ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ከመካከላችን የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ስላሉ፣ ጉዞው የመድኃኒት ምትክ ተደርጎ እንዲታይ አንፈልግም። ማስረጃው የሚለው ከዚህ ጠበብ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና በእንግሊዝ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሰዎች መልስ የሰጡበት ጥናት እንደሚያሳየው፣ በሳምንት ቢያንስ 120 ደቂቃ በመናፈሻ፣ በደን ወይም በባሕር ዳርቻ ያሳለፉት፣ ምንም ካላሳለፉት ይልቅ ጤንነታቸውና የሕይወት እርካታቸው ጥሩ መሆኑን የመናገር ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር፤ ጊዜው በአንድ ቀን ቢያልቅም ተከፋፍሎ ቢደመርም ልዩነት አላመጣም። ስለዚህ ለእኛ የሚጠቅመን የሳምንት ልማድ ነው።

አንድ አባል፣ የቀድሞ የሒሳብ መምህር፦
ሰዎቹ ስለወጡ ነው ጤነኞች የሆኑት ወይስ ጤነኞች ስለሆኑ ነው የወጡት? አጥኚዎቹ ዕድሜንና የቆየ ሕመምን ከግምት ቢያስገቡም፣ በአንድ ጊዜ መጠይቅ ይህ ጥያቄ አይፈታም። ደግሞስ ከተራራው የማገዶ እንጨት ተሸክማ ወደ ገበያ የምትወርደው እናት ከማናችንም በላይ በደን ውስጥ ትውላለች፤ መንፈሷ ታደሰ የሚል ግን አልሰማሁም።

የጤና ንዑስ ኮሚቴ ተጠሪ፦
ጋሼ ያነሡት ትክክል ነው፤ የእንጨቷም ነገር ከሁሉ በላይ ልብ የሚባል ነው፤ ሸክምና ጥድፊያ ባለበት ዛፉ ብቻውን ምንም አያደርግም። በመንስኤው ላይ ግን እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የተደረገ አነስ ያለ ሙከራ አለ። ሰዎቹ በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ ሣርና ዛፍ ባለበት፣ ገሚሶቹ መኪና በሚበዛበት ጎዳና ለ90 ደቂቃ ተራመዱ፤ ስለ ራስ ክፉ ክፉውን እያመላለሱ ማሰብ የቀነሰው በመጀመሪያዎቹ ላይ ብቻ ነበር። ተራራ መውጣት ለማይችሉት ደግሞ ሮጀር ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 ያሳተመውን ላስታውስ። ከሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና በኋላ መስኮታቸው ወደ ዛፍ የሚያይ ሕሙማን፣ ወደ ጡብ ግድግዳ ከሚያየው ይልቅ ቶሎ ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወስደዋል። ስለዚህ የታመመ አባል ለመጠየቅ ስንሄድ፣ አቅሙ ከፈቀደ ወንበሩን አውጥተን ዛፍ በሚታይበት በረንዳ አብረነው እንቀመጥ። ይህ ወጪ የለውም፤ በረቂቁም ይግባ።

ሒሳብ ያዥ፦
የአውቶቡሱ ኪራይ ከቀረ ገንዘቡ ለአግዳሚ ወንበሮች ይዋል። ሰኞ ገበያ ነው፣ ዓርብ ጁምዓ ነው፣ እሑድ ቅዳሴ ነው፤ ረቡዕ ጠዋት ይሻላል።

አንዲት አባል፦
ሐይቅን ጨርሳችሁ አትሰርዙብን። ውኃ ዳር መቀመጥም ያው ተፈጥሮ ነው፤ መሄድ የሚሻ በራሱ ወጪ ይሂድ።

ጸሐፊ፦
በተሰጠው አስተያየት መሠረት ረቂቁ እንዲህ ተሻሽሏል፦ «ማኅበሩ ዘወትር ረቡዕ ጠዋት፣ ዕረፍትን ጨምሮ የሁለት ሰዓት ያህል የእግር ጉዞ በጦሳ ግርጌ ያካሂዳል፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗና ዳገቱ ትንፋሽ ስለሚያሳጥር፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት አባል አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክራል፤ የጉዞው ፍጥነት የሚወሰነው በአዝጋሚው ሰው ነው። ጉዞው ለሕክምና ምትክ አይሆንም። አቅም ያነሳቸው አባላት በቤታቸው በረንዳ ይጠየቃሉ። የሐይቅ ጉዞ በተጓዦች ወጪ ይቀጥላል።» ስለ ሐምሌና ነሐሴ ጭቃ ግን ማንም አላነሣም፤ በእነዚህ ወራት በአስፋልቱ ዳር እንራመድ ወይስ ጉዞው ይቋረጥ የሚለውን በጉባኤው ዕለት እንወስናለን።