በኪሎ 5.9 ሚ.ሊ. አየር እየሰጠን ፕላቶው (የአየሩ ፍሰት ሲቆም ሳንባው ውስጥ ያለው ግፊት) ለምን 34 ሆነ?

የአይሲዩ ተረኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ የሳንባና የማደንዘዣ ሐኪሞች። ከባድ ኤአርዲኤስ (ሳንባ በድንገት ተቆጥቶ ኦክስጅን የሚያንስበት ሕመም) ያለባት ታካሚ ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ናት። ክብደቷ 82 ኪሎ፣ ቁመቷ 158 ሴ.ሜ.። ታይዳል ቮልዩም (በአንድ ትንፋሽ የሚገባው አየር) 480 ሚ.ሊ.፣ ሬት (በደቂቃ የትንፋሽ ብዛት) 18፣ ፒፕ (ትንፋሽ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ግፊት) 10፣ ኦክስጅን 70 በመቶ። ፒክ (አየር ሲገባ የሚታየው ከፍተኛ ግፊት) 42፣ ፕላቶ 34 ሴ.ሜ. ውሃ። በደም ጋዙ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 7.34፣ የኦክስጅን ግፊት 62 ነው። ቮልዩሙ ትንሽ ሆኖ ሳለ ግፊቱ ለምን አልወርድ አለ? የመተንፈሻ ቱቦው ተደፍኖ ይሆን?

ሳንባ፦
ቮልዩሙ ትንሽ አይደለም። 480ን ያካፈላችሁት ሚዛን ላይ ለወጣው ክብደት ነው። ሰው ሲወፍር ሳንባው አብሮ አይሰፋም፤ ስሌቱ በቁመት ነው፦ ለሴት 45.5 + 0.91 × (ቁመት በሴ.ሜ. − 152.4)፣ ለወንድ 45.5 በ50 ይተካል። ለእሷ 50.6 ኪሎ ይመጣል። ስለዚህ እየሰጣችኋት ያለው በኪሎ 9.5 ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው የኤአርዲኤስኔት ጥናት 861 ታካሚዎች ተካተው ነበር፤ 12 ሚ.ሊ. ከተሰጣቸው 39.8 በመቶ ሲሞቱ 6 ከተሰጣቸው 31 በመቶ ሞተዋል። ያ 6 በዚህ ክብደት የተሰላ ነው።

መጀመሪያ ወደ 400 አውርዱ፤ ከዚያ ቢበዛ በየ2 ሰዓቱ ወደ 350፣ ወደ 300። ሬቱን አብራችሁ ወደ 28 ከፍ አድርጉ፣ ጣሪያው 35 ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትንሽ ቢጨምር አትደንግጡ፤ ፒኤች ከ7.15 ሲወርድ ግን ቮልዩሙን በኪሎ 1 ሚ.ሊ. መልሱ። ከፍ ያለ የጭንቅላት ውስጥ ግፊት ካለባት ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ እንዲጨምር መተው አይሠራም።

ማደንዘዣ፦
ስለ ቱቦው፦ የቱቦና የብሮንከስ ጥበት የሚታየው በፒክና በፕላቶ ልዩነት ነው። እዚህ 8 ብቻ ነው፤ ቱቦው ቢደፈን ፒኩ ብቻውን ይወጣ ነበር። ችግሩ የሳንባው መጠንከር (አለመለጠጥ) ነው፦ 480 ÷ (34 − 10) = 20 ሚ.ሊ. በ1 ሴ.ሜ. ውሃ። በዚሁ ስሌት 300 ብትሰጡ ፕላቶው 25 አካባቢ ይሆናል።

ፕላቶው ሲለካ ግማሽ ሰከንድ ሆልድ (አየሩን ሳንባ ውስጥ ማቆየት) ያዙና ስክሪኑን እዩ። መስመሩ ካልተኛ ታካሚዋ እየታገለች ነው፣ ቁጥሩ አይታመንም።

የአይሲዩ ተረኛ፦
አመሰግናለሁ። ቁመት በትክክል መለካት ሲያስቸግርስ? ሬቱ ሲጨምርስ ምን እንጠብቅ?

ማደንዘዣ፦
አልጋውን ጠፍጣፋ አድርጉና ከአናት እስከ ተረከዝ በሜትር ለኩ። እግር ካልተዘረጋ የክንድ አጥንት ርዝመት ተለክቶ በሰንጠረዥ ወደ ቁመት ይቀየራል። የዓይን ግምት ይቅር፤ 10 ሴ.ሜ. ስህተት 9 ኪሎ ያህል ያዛባል።

ሬት ሲጨምር አየሩ ሳይወጣ ቀጣዩ ትንፋሽ ይገባል። የፍሎው መስመር ወደ ዜሮ ሳይመለስ አዲስ ትንፋሽ ከጀመረ ሬቱን ቀንሱ። ሌላው ወጥመድ ድርብ ትንፋሽ ነው፦ ታካሚዋ ሁለት በተከታታይ ስትስብ 300ው 600 ይሆናል፣ የደከማችሁበት ሁሉ ገደል ገባ። የመሳቢያውን ጊዜ ትንሽ አርዝሙ፣ ካልበቃ ማስታገሻውን አጠናክሩ።

ሳንባ፦
ኤችኤምኢ ፊልተር (የትንፋሽን ሙቀትና እርጥበት የሚይዝ ማጣሪያ) ከገጠማችሁ በሙቀት ማርጠቢያ ቀይሩት። ትልልቆቹ ከ50 ሚ.ሊ. በላይ ስለሚይዙ ከ300ው ላይ ብዙ ይባክናል።

ደግሞ የደሟ ኦክስጅን ግፊት ለምትሰጡት ኦክስጅን ሲካፈል 62 ÷ 0.7 = 89 ነው። ከ150 በታች ስለሆነ፣ ቮልዩሙ ተስተካክሎም ካልተሻላት በደረቷ አስተኟት፣ ቢያንስ 16 ሰዓት በተከታታይ። ከመገልበጣችሁ በፊት ምግቡን አቁሙ፣ ቱቦው ጥርስ ላይ ስንት ቁጥር እንዳለ ጻፉ፤ አንድ ሰው ጭንቅላትና ቱቦ ብቻ ይያዝ።