የመመረቂያ ሥራውን ርዕስ ማን ይምረጥ፦ ተማሪው ወይስ ትምህርት ክፍሉ?

አወያይ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የዛሬው ጥያቄ ከራሴ ቤት የወጣ ነው። የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጥበብ ትማራለች፤ ዘንድሮ ተመራቂ ናት። ለመመረቂያ ሥራዋ የመረጠችው ስፌት ነው። አያቷ፣ ማለትም እናቴ፣ ዕድሜዋን ሙሉ መሶብና ሙዳይ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። ዓይኗ ሲደክም ጀምራ የተወችው አንድ ሰፌድ አለ። ልጅቷ ያንን ሰፌድ ካቆመበት ቀጥላ፣ በአክርማና በስንደዶ እየሰፋች፣ ግድግዳ የሚሸፍን ሥራ ልታደርገው አሰበች።

ፕሮፖዛሏ ተመለሰ። «ይህ የእጅ ሙያ ነው፤ ክፍሉ ካወጣቸው ርዕሶች አንዱን መርጠሽ በሸራ ላይ ሥሪ» ተባለች። ይግባኝ ለማለት አሥር ቀን አላት።

እኔ አቋሜን አልደብቅም፤ ትሥራው ባይ ነኝ። ነገር ግን ተቃራኒውን በደንብ መስማት እፈልጋለሁ፤ በተለይ ከምታስተምሩ። ተማሪ ርዕሱን፣ ማቴሪያሉን፣ አሠራሩን ራሱ ይምረጥ? ወይስ ክፍሉ ይስጠው?

የሥዕል መምህር፦
ሥዕል ሳስተምር 14 ዓመቴ ነው። ርዕስ በክፍሉ ይሰጥ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ምክንያቴን በአንድ ልጅ ላስረዳ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ያማከርኩት ተማሪ ነበር፤ እጁ የተባረከ። ርዕሱን ራሱ መረጠ፤ «ዝምታ» አለው። ጥቅምት ላይ ስለ ዝምታ አወራን። ታኅሣሥ ላይም ስለ ዝምታ አወራን። መጋቢት ላይ ስቱዲዮ ስገባ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ሸራ ተወጥሮ፣ ነጭ ተቀብቶ ቆሟል። ታች ጥጉ ላይ በእርሳስ የተሠመረች አንዲት መስመር አለች። ተሠምራ፣ ተፍቃ፣ ደግሞ ተሠምራ፣ ደግሞ ተፍቃ፣ ቀለሙ ተልጦ ጨርቁ ይታያል። ያቺን የተላጠች ቦታ እስከ ዛሬ አልረሳትም። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ በየቀኑ ይመጣ ነበር። በመጨረሻ በሦስት ሳምንት ያጣደፋቸውን አራት ሥዕሎች አቅርቦ በጭንቅ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ብሩሽ አልያዘም አሉኝ።

«የገበያ ቀን» ብዬ ብሰጠው ኖሮ ማክሰኞ ገበያ ወርዶ፣ ረቡዕ ንድፍ ይዞልኝ ይመጣ ነበር። ለ22 ዓመት ልጅ «የፈለግኸውን ሥራ» ማለት አንዳንዴ ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ ነው።

ደግሞ ነጥብ አሰጣጡ አለ። አንዱ ቪዲዮ፣ አንዷ ስፌት፣ አንዱ የዘይት ቀለም ይዞ ሲቀርብ ፈታኞቹ በምን ሚዛን ያስተያዩአቸው?

ሠዓሊ፣ ከባሕር ዳር፦
መምህር፣ ከአክብሮት ጋር፤ ያንን ልጅ የጎዳው ርዕሱን መምረጡ አይመስለኝም። እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል፦ ጥቅምት፣ ታኅሣሥ፣ መጋቢት። በስድስት ወር ሦስት ጊዜ ማለት ነው። ብቻውን ነው የቀረው።

እኔ በተሰጠኝ ርዕስ ነው የተመረቅሁት። ስምንት ሥዕል ሠራሁ፤ ጥሩ ነጥብ አገኘሁ። ስምንቱም እናቴ አልጋ ሥር ናቸው፤ አንድም ቀን አውጥቼ ለሰው ላሳያቸው ብዬ አላውቅም። ዛሬ እንጀራ የሆነኝ ግን ያኔ ማታ ማታ ዶርም ውስጥ ተደብቄ የምሠራው ነው። ከካፌው ባዶ የዱቄት ማዳበሪያ እለምንና ቀድጄ እዘረጋዋለሁ። ፊቱ የሚያንሸራትት ስለሆነ ቀለም አይዝም። በኮላ ብቀባው ይሰነጠቃል። ኮላውን በአሸዋ ብለውሰው ያዘ፤ ግን ብሩሽ በላ። ብሩሹን ትቼ በጨርቅ መቀባት ጀመርኩ። ይህን ሁሉ ለማወቅ ሰባት ወር ፈጀብኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ ነጥብም የሰጠኝ የለም። አራት ዓመት ሙሉ ከተማርኩት የበለጠ ያስተማረኝ ግን እርሱ ነው። ያ ሰባት ወር የመመረቂያ ሥራዬ መሆን ነበረበት ብዬ ነው የምከራከረው።

ኤልያስ ስሜን ሁላችንም እናውቀዋለን። አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው የተመረቀው። በቁልፍና በክር ሠራ፤ ኋላ ደግሞ ከመርካቶ የሚገዛውን የተጣለ የኮምፒውተር ሽቦና ሰሌዳ እየጎነጎነ ዓለም የሚያየው ሥራ አደረገው። ሽቦ መጎንጎን ከስፌት በምን ይለያል? ያች ልጅ የያዘችው መንገድ የታወቀ መንገድ ነው።

የሥዕል መምህር፦
ኤልያስን አከብረዋለሁ። ነገር ግን ዓለም ያወቀለትን ሥራ የሠራው ከተመረቀ በኋላ፣ በብዙ ዓመት ልፋት ነው። እኔ ያለኝ ሁለት ሴሚስተር ነው።

ስለ ሦስቱ ጉብኝት ያልከው ግን እውነት ነው፤ ተሰምቶኛል። በዚያ ዓመት 17 ተማሪ ነበር የማማክረው፤ ከዚያ ላይ አራት ኮርስ። ይህን እንደ ማምለጫ አትዩብኝ። ሁሉም ተማሪ የየራሱን ዓለም ይዞ ሲመጣ አማካሪው ከእያንዳንዱ ጋር እዚያ ዓለም ውስጥ መግባት አለበት፤ ይህን የሚያስችል ጊዜ ግን የለንም። የተሰጠ ርዕስ ቢያንስ 17ቱን አንድ ክፍል ሰብስቤ እንድናገር ያስችለኛል።

እናት፣ ከኮተቤ፦
ልጆቼ፣ እኔ ሥዕል አላውቅም፤ ግን የሥዕል ተማሪ አስተምሬአለሁ። የረሳችሁትን ልንገራችሁ፤ ወጪውን። ልጄ በመጨረሻው ዓመት ርዕሱን ራሱ ምረጥ ተባለ፤ ደስ አለው። ነሐስ አቅልጬ ሐውልት እሠራለሁ አለ። ነሐሱን ማን ይገዛል? ማቅለጫውስ ማን ይከራያል? ልጄ ውሎ አድሮ በጭቃ ሠራው። አብሮት የተማረ የባለ ሱቅ ልጅ ደግሞ ሥራውን በመስተዋትና በመብራት አስውቦ አቀረበ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳይ፣ ይህ ነፃነት የሚሉት ነገር ኪስ ላለው ነው እንዴ አልኩ። ዩኒቨርሲቲው ለሁሉም እኩል ሸራና ቀለም ቢሰጥ፣ ርዕሱም አንድ ቢሆን፣ ቢያንስ ልጄ እጁ ብቻ ይታይለት ነበር።

ሠዓሊ፣ ከባሕር ዳር፦
እትዬ፣ ይህ ከተነሣው ሁሉ ከባዱ ነው። ለእኔ መልሱ ርዕሱን አንድ ማድረግ ሳይሆን ለሁሉም እኩል በጀት መስጠት ነው፤ ከዚያ ውጭ መጨመር ይከልከል። ነሐስ የማይገዛ ብር ይዞ ምን እንደሚሠራ ማሰብ ራሱ ትምህርት ነው። የልጅዎ ጭቃ ከመስተዋቱ እንደማያንስ ግን አልጠራጠርም።

እናት፣ ከኮተቤ፦
አንተ አልጠራጠርም ትላለህ፤ ፈታኞቹ ግን መስተዋቱ ጋ ነው የቆሙት።

የያሬድ ልጅ፦
ከሙዚቃው ወገን ትንሽ ልበል። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ስንማር የውጭ መሣሪያ አንድ፣ የአገር መሣሪያ አንድ ነው። የእኔ ቼሎና ማሲንቆ ነበሩ። ቼሎው ላይ ኖታ ተሰጥቶኝ ነው የተጫወትኩት፤ ያም ደግ ነው፤ ጣትን የሚያስተካክለው የተሰጠ ነገር ነው። ማሲንቆው ግን የተጻፈልህን ብቻ ብትጫወት ማንም አይሰማህም። አዝማሪ ፊቱ ያለውን ሰው አይቶ ነው ስንኝ የሚያወጣው። ስለዚህ «ይሰጥ» ወይም «ይምረጥ» ብላችሁ አንዱን ብቻ አትያዙ። ሁለቱም በአንድ ተማሪ ውስጥ ይኖራሉ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚሰጥበት ናቸው። የመጨረሻው ዓመትም የሚሰጥበት ከሆነ ልጁ የራሱን መቼ ሊያወጣ ነው?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ እዚህ ዋሽንግተን አጠገብ ያለን ሰዎች የሠዓሊውን የእስክንድር ቦጎሲያንን ስም ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለይተን አናውቅም። ለረጅም ዓመታት እስከ 2001 እ.ኤ.አ. እዚያ አስተምሯል፤ ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሯል። እርሱ ራሱ በብራናና ከዛፍ ልጥ በተሠራ ጨርቅ ላይ ይሥል ነበር። ብራና መፋቅ የእጅ ሙያ አይደለም እንዴ? ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍም አዲስ አበባ ተምሮ ሃዋርድ ማስተርሱን የሠራ ሰው ነው፤ ሥራው ፊደላችን ነው፤ ሀ ሁን እያጠፈና እየዘረጋ ዕድሜውን ሙሉ ይሥላል። «ፊደል የጽሕፈት ነገር ነው፣ ሥዕል አይደለም» ብሎ ያስቆመው ሰው ቢኖር ኖሮ ያጣነውን አስቡት። ለልጅቷ ይግባኝ እነዚህን ሁለቱን ትጥቀስ።

የቅኔ ተማሪ የነበረ፦
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ጎጃም ቅኔ ቤት ነበርኩ። ይህ የምትከራከሩበት ነገር እኛ አገር በየቀኑ ሲሠራበት የኖረ ነው።

ቅኔ ቤት ውስጥ የሌላውን ቅኔ ሸምድደህ የራስህ ነው ብለህ ማቅረብ ነውር ነው። ተማሪ ሁሉ የራሱን ያወጣል። የኔታ መንገዱን ያሳያሉ። ተማሪው በነጋታው ደበሎውን ለብሶ ብቻውን ወደ ሜዳ ይወጣል፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ማለት በልቡ ያዘጋጃል። ሰሙን ከየት እንደሚያመጣ፣ ወርቁን ለማን እንደሚሰጥ የሚመርጠው እርሱ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ከእግሬ ሥር ስትሄድ ያየኋትን ጉንዳን ሰም አድርጌያታለሁ። ያችን ጉንዳን ማንም አልሰጠኝም።

ግን ልብ በሉ፤ ሁለት ነገር ይሰጥሃል። አንደኛው ልኩ ነው። ጀማሪ ጉባኤ ቃና በሚባለው አጭር ቅኔ ነው የሚጀምረው፤ ሁለት ቤት፣ ማለት ሁለት ስንኝ ብቻ። ከዚያ ዘአምላኪየ፤ ሦስት ቤት። መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ እዚያ ለመድረስ ስንት ቀን ሜዳ ትወጣለህ። ማንም ጀማሪውን «ዝምታ» ብሎ በስምንት ቤት አይለቀውም፤ በሁለት ቤት ዝም በል ይባላል። ሁለተኛው ጆሮ ነው። ያን የቆጠርከውን ማታ ለየኔታ ትነግራለህ። ያው ማታውኑ ነው፤ መጋቢትን አይጠብቅም። ከተሰበረ ይጠግኑልሃል፤ ካልሆነ «ሂድ» ትባላለህ፤ ነገ ሌላ ነው።

መምህር፣ የእርስዎ ልጅ የጎደሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ጉንዳኑን ግን አይውሰዱበት።

የሥዕል መምህር፦
ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የኔታ ግን ከተማሪዎቻቸው ጋር አንድ ግቢ ነው የሚያድሩት፤ ማታ ማታ የሚሰሙበት ጊዜ አላቸው። ለእኔ ያን ጊዜ ማን ይሰጠኛል?

የቅኔ ተማሪ የነበረ፦
የኔታም ሁሉን ራሳቸው አይሰሙም። ነባሮቹ ጀማሪውን ይሰማሉ፤ ያቀናሉ፤ ወደ የኔታ የሚደርሰው የጠራው ነው። እርስዎ ጋ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ አምና የተመረቀ ልጅ የለም?

የሥዕል መምህር፦
አለ። እውነቱን ለመናገር እንዲህ አድርጌ አስቤው አላውቅም። የተመረቁት ስቱዲዮ ሊጠይቁን ይመጣሉ፤ ሻይ ጠጥተን እንለያያለን።

እንግዲህ የማልለቀውን ልናገር። ርዕሱ የተማሪው ይሁን ብል እንኳ ልኩ የእኔ ነው። ፕሮፖዛል ላይ ቃል አልቀበልም፤ በመረጠው ማቴሪያል የተሠራ ሦስት ትንንሽ ናሙና ይዞ ይምጣ። ማታ በማዳበሪያ ላይ እንደ ባሕር ዳሩ ወንድማችን የሞከረውን፣ የተሰነጠቀውንም ጭምር ያምጣ። እሱን እመዝናለሁ፤ የሚመዘን ነገር ነው። እናታችን ያነሱት የገንዘብ ነገር ግን በእኔ እጅ አይፈታም፤ ለሱ መልስ የለኝም።

አወያይ፣ አሁን ስለ ልጅቷ ልጠይቅሽ። ግድግዳው ስንት በስንት ነው? በቀን ምን ያህል ትሰፋለች?

አወያይ፦
ጠይቄያት ነው የምጽፈው። ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር አስባለች። ስንዝር የሚሆን ክብ ለመጨረስ ሁለት ቀን ይፈጅባታል፤ ሌላ ሥራ ሳትነካ።

የሥዕል መምህር፦
እንግዲያው ስንዝር በስንዝር አስይው፤ ያን ግድግዳ ለመሸፈን ከ150 በላይ ክብ ትፈልጋለች። 300 ቀን አለፈ ማለት ነው። እስከ ግንቦት አያልቅም፤ ክፍሉ ባይከለክላት እንኳ ጊዜው ይከለክላታል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ታድርገው። 26 ክብ፤ 52 ቀን፤ ይበቃታል። ሣሩስ? ስንደዶ የሚነቀለው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ አሁን ከየት ታመጣለች?

አወያይ፦
እናቴ ጣሪያ ሥር የሰቀለችው አለ። ሁለት እስር አክርማ፣ ግማሽ እስር የሚሆን ስንደዶ። የተነከረ ቀዩ ትንሽ ነው፤ የቀረው ነጩ ነው።

የሥዕል መምህር፦
እንግዲያው በነጩ ታስብ፤ ቀዩን የት እንደምታውለው ትምረጥ። እኔ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ሰው ነኝ፤ ይግባኙ ላይ ድምፅ የለኝም። ግን ናሙናዎቹን አይቼ፣ እንዴት አድርጋ እንደምታቀርበው ልረዳት እችላለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ስቱዲዮ ነኝ። ያላለቀውን ሰፌድ ይዛ ትምጣ። አያቷም መምጣት ከቻሉ ደስ ይለኛል፤ ስፌቱ ላይ የምጠይቃቸው ነገር አለኝ።

አወያይ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር። ነግሬአት ሁለቱም ተነሥተዋል። እናቴ ወስፌዋን የት እንዳስቀመጠችው ሣጥን ከፍታ እየፈለገች ነው።