ሸራ ጀልባ ነፋስ ላይ ስትቆምብኝ ምን ላድርግ? የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ባህር ዳር ነኝ፣ ጣና ላይ ሸራ ጀልባ መንዳት እየተማርኩ ነው፣ ትንሽ ናት፣ ፊት ጂብ (ትንሿ የፊት ሸራ) አላት ከዛ ዋናው ሸራ። ነፋስ ከኋላ ሲሆን ምንም ችግር የለም በጣም ነው ደስ የምትለው!

ችግሩ ከሰዓት ነው፣ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ሲመጣ ወደ ክብራን ገብርኤል ደሴት በኩል መውጣት ማለት ከነፋስ ጋር ፊት ለፊት መግጠም ነው። ቀጥታ እንደማይኬድ ገብቶኛል፣ 45 ዲግሪ ገደማ እየሰበሩ ዚግዛግ ነው። ግን ታክ ላደርግ (አፍንጫዋን በነፋሱ አሳልፌ ወደ ሌላው ጎን ላዞራት) መሪውን ስገፋው አፍንጫዋ ነፋሱ ላይ ትደርስና ቀጥ ትላለች፣ ሸራው ይርገበገባል፣ አስተማሪዬ ደግሞ ጂቡን ልቀቅ፣ ሺቱን (የሸራውን ገመድ) ሳብ፣ ፖርት (ግራ)፣ ስታርቦርድ (ቀኝ) እያለ ይደረድራል፣ የትኛው ገመድ እንደሆነ ሳልለይ ወደ ኋላ መንሸራተት እንጀምራለን፣ ወደ አባይ መውጫ። እዛ ደሞ ጉማሬ አለ በናታችሁ!

ባለፈው ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡ አባት በደንገል ታንኳቸው በአጠገባችን ሲያልፉ "ልጆቼ ልጎትታችሁ እንዴ?" አሉን፣ እግዜር ይስጣቸው ከልባቸው ነው ያሉት፣ እኛም ገመድ ወረወርንላቸው።

እና ጂቡን መቼ ነው የምለቀው? መርገብገብ ሲጀምር ወዲያው ነው ወይስ ነፋሱ በሌላው ጎን ይዞት አፍንጫዋን እስኪያዞራት ልጠብቅ? ወደ ኋላ ስትሄድስ መሪው በግልባጭ ነው የሚሰራው ይባላል፣ ታዲያ ወደ የቱ ጎን ልግፋው? ሐዋሳም ቢሾፍቱም ውጭ አገርም የነዳችሁ ካላችሁ ቀስ ብላችሁ፣ እጄ ምን እንደሚያደርግ በቅደም ተከተል ጻፉልኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እንወጣለን።