«ጋፊያ»፣ «ኢጎቡ»፣ «ፊልክ»፦ የሳይንሳዊ ልብወለድ ክበብ ቋንቋ በአማርኛ ምን ይባላል?

የክበቡ ጸሐፊ፦
ሰላም ለቤቱ። የዩኒቨርሲቲያችን የሳይንሳዊ ልብወለድ ክበብ በየወሩ ባለ አራት ገጽ ጋዜጣ ያወጣል። ለሚቀጥለው እትም ስለ አድናቂዎች ቋንቋ አንድ ዓምድ እንድጽፍ ተፈርዶብኛል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ አድናቂዎች ለዓመታት ያጠራቀሙት የቀልድ ቃል መዓት ነው፤ እኔ ቃል በቃል ሳስቀምጠው ግን ቀልዱ እጄ ላይ ይሞታል። አልያዝ ያሉኝ ጋፊያ፣ ኢጎቡ፣ ሰርኮን፣ ቢኤንኤፍ እና ፊልክ ናቸው። በዚያው ላይ ለሒሳብ ሹማችን አንድ ማዕረግ ፈልጉልኝ። ምክንያቱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ፊደል ቆጣሪ፦
እህቴ፣ ከጋፊያ እንነሣ፤ ወጉ ያለው እሱ ላይ ነው። «ከሁሉም ነገር መሸሽ» የሚል የእንግሊዝኛ ሐረግ ምኅጻረ ቃል ነው። መጀመሪያ ላይ ከዕለት ኑሮ ጣጣ አምልጦ ወደ አድናቂዎቹ ዓለም መግባት ማለት ነበር። ኋላ ተገለበጠና አድናቂነቱን እርግፍ አድርጎ ትቶ ወደ ኑሮው የተመለሰ ሰው መጠሪያ ሆነ። እኔ «መነነ» እለዋለሁ። መናኝ ዓለምን ትቶ ይሄዳል፤ የትኛውን ዓለም እንደተወ ግን እንደ ተናጋሪው ነው። ከክበቡ ውጭ ያለውን ሰው «ሙንዴን» ነው የሚሉት፤ የላቲን ሥሩ ዓለም ማለት ስለሆነ «ዓለማዊ» ብትዪው ልክክ ይላል።

ቅኔ ወዳድ፦
«ዓለማዊ» ላይ እስማማለሁ፣ «መነነ» ላይ ግን አልስማማም። ምናኔ ክብር አለው። ከክበብ የጠፋ ልጅ ወይ ፈተና ደርሶበት፣ ወይ ሥራ ይዞ፣ ወይ ፍቅር ይዞት ነው፤ ምን ምናኔ አለበት? ለሚገባው «ቆብ ደፋ» በሉ፣ ለሚወጣው «ቆቡን ጣለ»። የቃሉ መገለባበጥም በዚያው ይፈታል።

ፊደል ቆጣሪ፦
«ቆቡን ጣለ»! ይኼ አንጀቴን አራሰው። «አምና የክበቡን መጻሕፍት ሲያስተካክል የነበረው ልጅ የት ገባ?» «ቆቡን ጥሏል፤ ሒሳብ ሠራተኛ ሆኗል።»

ተሰማ ወይ፦
ኢጎቡን ለእኔ ተዉልኝ። ድሮ አድናቂዎች በማባዣ ማሽን ያትሟቸው የነበሩ መጽሔቶች (ፋንዚን የሚባሉት፤ ቃሉን ረስ ሾቨኔ የተባለ አሜሪካዊ አድናቂ ነው እ.ኤ.አ. በ1940 የፈጠረው) ለጸሐፊ ቤሳ አይከፍሉም ነበር። ክፍያው የራስን ስም ታትሞ ማየት ነው። ያ ደስታ ኢጎቡ ይባላል። አማርኛችን ደግሞ «ውዳሴ ከንቱ» የሚል የተዘጋጀ ቃል አለው።

የክበቡ ጸሐፊ፦
ግን ውዳሴ ከንቱ ወቀሳ አይሆንም? እነሱ ኢጎቡን የሚያወሩት እያፈሩበት አይደለም፤ «ኢጎቡ ናፈቀኝ» ይባባላሉ።

ተሰማ ወይ፦
ቀልዱ እኮ እዚያው ላይ ነው። ሰው በራሱ አፍ «ውዳሴ ከንቱ አማረኝ» ሲል ወቀሳው ተኖ ሳቁ ብቻ ይቀራል። እስቲ ለጋዜጣሽ ጽሑፍ አምጣ ተብሎ ያስቸገረሽን ልጅ «ውዳሴ ከንቱ በገጽ 3 ተዘጋጅቶልሃል» በይው፤ ሲሮጥ ያመጣልሻል።

ቅኔ ወዳድ፦
ሰርኮን «ቁም ነገረኛ» ነው፤ ብዙ አያከራክርም። «ኮስታራና ገንቢ» የሚሉት ሁለት ቃላት ተቆርጠው የተገጠሙበት ነው፤ መጀመሪያ ራሳቸውን እንደ ትልቅ ነገር የሚቆጥሩ ሰዎች መተረቢያ ነበር። እኛም «ቁም ነገረኛ» የምንለው ግማሹን ጊዜ አክብረን፣ ግማሹን ጊዜ አንጀታችን አሮ ነው።

ቢኤንኤፍን፣ በአድናቂዎች ዘንድ ስሙ የገነነውን ሰው ማለት ነው፣ ቃል በቃል «ባለ ትልቅ ስም አድናቂ» እንዳትዪው፣ አደራ። «አንቱ የተባለ» የሚል እያለ?

ፊደል ቆጣሪ፦
«አንቱ የተባለ ቲፎዞ» ነው እንጂ! «አድናቂ» የሚለው ቃል ለእንዲህ ያለው ሰው ይቀዘቅዛል። የእንግሊዝኛው ፋን «ፋናቲክ» ከሚለው የተቆረጠ ነው፤ የእኛ ቲፎዞ የመጣው ከጣሊያንኛ ሲሆን ሥሩ ታይፎይድን ከመሰለው የትኩሳት በሽታ ስም ይመዘዛል። አንደኛው አክራሪ፣ ሌላው የሚያቃዠው። ስለ ሮቦት መብት ሦስት ሰዓት ለሚከራከር ሰው ከዚህ ሌላ ምን ስም ይገኛል?

ተሰማ ወይ፦
ቲፎዞ ግን ጩኸት አለበት፣ ስታዲየም ስታዲየም ይላል። የእነዚህ ሰዎች እብደት ቁጭ ብሎ የማንበብ እብደት ነው። ለእኔ «አድናቂ» ይበቃል።

ሶል ቆጣሪ፦
ይቅርታ፣ ከመስመር ላስወጣችሁና እኛ ክበብ ውስጥ ዘግይቶ የመጣን ሰው «በማርስ ሰዓት መጣ» እንላለን። የሐበሻ ቀጠሮ የምንለው ነገር ሳይንሳዊ ስም ሲያገኝ ማለት ነው። የማርስ ቀን፣ ሶል የሚባለው፣ 24 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ስለሆነ አርባ ደቂቃ ማርፈድ በዚያ አቆጣጠር ይቅር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ስፒሪት እና ኦፖርቹኒቲ የተባሉት ተሽከርካሪ ሮቦቶች ማርስ ላይ ሲያርፉ ከመሬት የሚመሯቸው ባለሙያዎች በማርስ ሰዓት ነበር የሚሠሩት፤ ለትናንት እንኳ «የስተርሶል» የሚል ቃል አወጡለት። አማርኛ አድርጉልኝ።

ቅኔ ወዳድ፦
«ትናንተ ሶል»። ቀጥሎ «ከትናንተ ሶል ወዲያ» ይመጣል፤ ምላስ ከቻለው።

ፊደል ቆጣሪ፦
ሶል ቆጣሪ፣ ወንድሜ፣ ሰበቡ ግን አይሠራም። በየቀኑ አርባ ደቂቃ ገደማ እየጨመርክ ከሄድክ ሰዓቱ ቀኑን ሁሉ ይዞርና በ37 ቀን አካባቢ ከእኛ ጋር መልሶ ይገጥማል። እውነተኛው የማርስ ሰው በ37 ቀን አንዴ በሰዓቱ ይደርሳል። የእናንተ ሰው ደርሶ ያውቃል?

ሶል ቆጣሪ፦
ኧረ በጭራሽ። እሱ የጁፒተር ነው መሰለኝ።

የክበቡ ጸሐፊ፦
ፊልክ ቀረን። አድናቂዎች ስብሰባቸው ላይ የሚያንጎራጉሩት ዘፈን ነው፤ በታወቀ ዜማ ላይ ስለ መንኮራኩርና ስለ ሌላ ፕላኔት ፍጡራን ግጥም እየገጠሙ።

ተሰማ ወይ፦
ቃሉ የጽሕፈት ግድፈት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አንድ አድናቂ ስለ ፎክ (folk፣ የሕዝብ ዘፈን) ሙዚቃ መጣጥፍ ሲጽፍ ርእሱ ላይ «ኦ» መሆን የነበረባት ፊደል «አይ» ሆነችና «ፊልክ» ተባለ። መጣጥፉ ያኔ ሳይታተም ቀረ፤ ግድፈቱ ግን ስም ሆኖ ይኸው ይዘፈናል። መተርጎም አይቻልም፤ እንዳለ «ፊልክ» በዪው።

ቅኔ ወዳድ፦
ለምን አይቻልም? ግድፈትን በግድፈት ነው መተርጎም። በስልክ አማርኛን በላቲን ድምፅ የሚጽፍ ሰው «ሙዚቃ» ሲል ጣቱ ከ«አይ» ወደ ጎረቤቷ «ኦ» ቢንሸራተት ምን ይወጣል? «ሙዞቃ»። እዚያ «ኦ» ወደ «አይ» ሄደች፣ እዚህ «አይ» ወደ «ኦ» ትመለስ።

የክበቡ ጸሐፊ፦
ሙዞቃ! በቃ፣ ተወሰደ። የሚቀጥለው ስብሰባ ማስታወቂያ ላይ «ከሙዞቃ ጋር» ብዬ እለጥፋለሁ፤ እርማት ይዞ የሚመጣ ቁም ነገረኛ እንደማይጠፋ አውቃለሁ።

አሁን ማዕረጉ። ባለፈው ስብሰባ የሒሳብ ሹማችን ሪፖርት አቅርብ ሲባል ተነሥቶ «ገንዘቡ ወደ ፊት ተጉዟል፤ ስንደርስ እናገኘዋለን» አለና ቁጭ አለ። ቃለ ጉባኤው ላይ እንዳለ ጽፌዋለሁ።

ፊደል ቆጣሪ፦
የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ቀድመዋችኋል። የሳይንሳዊ ልብወለድ ማኅበራቸው እ.ኤ.አ. በ1949 የተመሠረተ ነው፤ «እኛ አንባቢ ነን እንጂ አድናቂ አይደለንም» የሚል ዓይነት መፈክር አላቸው፣ ከ60 ሺህ በላይ መጻሕፍት ደርድረው። ፕሬዚዳንታቸውን «ስኪነር»፣ ጸሐፊያቸውን «ኦንሴክ» ይላሉ፤ ኦንሴክ «ክቡር ጸሐፊ» የሚለው አጥሮ ነው። የሒሳብ ሹሙ ማዕረግ ደግሞ ገንዘብ የሚያጎድል ታላቅ መስፍን እንደማለት ነው። እኔ «ሊቀ መዝባሪ» ብየዋለሁ፣ በሊቀ መንበር አምሳል።

ቅኔ ወዳድ፦
ጋሼ፣ እንደ ግእዙ ከሆነማ ሊቀ መዘምራን፣ ሊቀ ዲያቆናት እያልን በብዙ ነው የምንጠራው። «ሊቀ መዝባርያን» መሆን አለበት።

የክበቡ ጸሐፊ፦
ሁለቱንም ለኮሚቴው አቀረብኩ። ሊቀ መንበራችን «መዝባርያን ከተባለ እኛም አለንበት ማለት ነው» ብላ አጥብቃ ተቃወመች። የሒሳብ ሹሙ ግን ብዙ ቁጥሩን ካልሆነ ማዕረጉን አልቀበልም ብሏል። ድምፅ የሚሰጠው ሐሙስ ነው፣ በማርስ ሰዓት።