ለ50 ካሊበር የባልጩት ሽጉጥ የትኛውን የእርሳስ ጥይት ልግዛ?

የቨርጂኒያው፦
ሰላም ወገኖች። በአፈሙዝ የምትጎርስ የባልጩት ሽጉጥ ገዛሁ። ጣሊያን የተሠራች ኬንታኪ የምትባል ዓይነት ናት፣ በርሜሏ ላይ 50 ካሊበር ይላል፣ ውስጡም ጠመዝማዛ ቦይ አለው። ድቡልቡል እርሳስ ልገዛ ስሄድ 0.490 ኢንችም አለ፣ 0.495ም አለ። ሻጩ "ጠበቅ ያለው ነው የሚመታው፣ ትልቁን ውሰድ" አለኝ። ግን በርሜሉ 0.50 ከሆነ ለምን 0.500 አይሸጡም? ግራ ገባኝ።

ባሩድ፦
ካሊበር ማለት የበርሜሉ ስፋት ነው፣ የእርሳሱ አይደለም። እርሳሱ የሚገባው ቅባት በተቀባ ጨርቅ ተጠቅልሎ ስለሆነ ለጨርቁም ቦታ መተው አለበት። በ0.490 እና 0.015 ኢንች ውፍረት ባለው ጨርቅ ጀምር። ጨርቁ በሁለቱም ጎን ስላለ ድምሩ 0.520 ይመጣል፣ ትርፉ ተጨምቆ ቦዩ ውስጥ ይገባና እርሳሱን ይዞ የሚያሽከረክረው እሱ ነው። 0.495 ካልክ ጨርቁን ወደ 0.010 አሳንሰው። ጨርቁ ደግሞ ጥብቅ ሽመና ያለው ጥጥ ይሁን፣ ፖሊስተር ይቀልጣል።

አባ መላ፦
ከሁሉ በፊት ለካ! በርሜል ላይ የተጻፈው ቁጥርና እውነተኛው ስፋት ሁሌ አንድ አይደሉም። ካሊፐር (የስፋት መለኪያ) አፈሙዙ ላይ አስገባና ከቦዮቹ መካከል ካለው ከፍታ እስከ ፊት ለፊቱ ከፍታ ለካ። የሻጩ ምክር ለሽጉጥ አይመቸኝም፣ ምክንያቱም የሽጉጥ መጠቅጠቂያ ቀጭን እንጨት ነው፤ በጣም የጠበቀ እርሳስ በኃይል ስትገፋ ይሰበርና ስንጣሪው እጅህን ይወጋሃል። አፈሙዙ ላይ በማስጀመሪያዋ (በአጭሯ መግፊያ) መታ አድርገህ ካስገባኸው በኋላ ያለ ትግል መውረድ አለበት።

ከተኮስክ በኋላ መሬት ላይ የወደቀውን ጨርቅ አንስተህ እየው። መሃሉ ጠቁሮ ጠርዙ ብቻ ከተተረተረ ደህና ነው። መሃሉ ተቃጥሎ ከተበሳ ወይ ስስ ነው ወይ ቅባት አንሶታል። በስለት የተቆረጠ ከመሰለ ግን በጣም ጠብቋል፣ ወይም የአፈሙዙ ጠርዝ ስለታም ነው።

ሠናይ፦
አባ መላ ያለው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ንጹህ ለስላሳ እርሳስ ግዛ፣ ከመኪና ጎማ ሚዛን ማስጠበቂያ ቀልጦ የሚሠራው ጠንካራው አይሆንም። እርሳሱ ባሩዱ ላይ ደርሶ መቀመጡን ደግሞ ሳታረጋግጥ እንዳትተኩስ። መሃል ላይ ክፍተት ከቀረ በርሜሉ ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። መጠቅጠቂያህ ላይ ምልክት አድርግበት፣ በእያንዳንዱ ጉርሻ እዚያው ላይ መድረሱን እይ።

ቦይ የሌለው በርሜል ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው። ብራውን ቤስ የሚባለው የድሮ የእንግሊዝ ወታደሮች ጠመንጃ ስፋቱ 0.75 ኢንች ገደማ ሆኖ እርሳሱ 0.69 ገደማ ነበር፤ በርሜሉ በጥላሸት ቢቆሽሽም ቶሎ እንዲጎርስ ነው እንጂ ኢላማ ለመምታት አይደለም።

የቨርጂኒያው፦
ተባረኩ። ለካሁት፣ ልክ 0.500 ነው። 0.490 እና 0.015 ጨርቅ አዘዝኩ። ባሩዱስ ስንት ይሁን?

ባሩድ፦
አምራቹ መመሪያው ላይ ከጻፈው ትንሹ መጠን ጀምር፣ ከትልቁም አትለፍ። ጥቁር ባሩድ ብቻ ነው። ጭስ አልባው የዘመኑ ባሩድ በጥቂቱም ቢሆን እንዳይገባበት፣ በርሜሉን ይበታትነዋል።