የዕቅድ ውይይት፦ የአሮጌ መኪኖች ናፍጣ መፍሰስ፣ የጋራ ጥገና ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ቦሎ ሳይደርስ የ11ዱም መኪኖች (4 ኤንትሬ የሚባለው የፊያት ጭነት መኪና፣ 7 አይሱዙ) የናፍጣ ታንከር ወርዶ ይታጠብ፣ የተበሳው ይበየድ፣ ቱቦና ሮንዴላ (ብሎን ሥር የሚገባ ስስ ቀለበት) በጅምላ ይገዛ። በመኪና 3,500 ብር፣ ቀሪው ከማህበሩ ተቀማጭ። ያለፈው ጥገና ምን እንደመሰለ ታውቁታላችሁ። እስከ ዓርብ ሐሳብ ስጡ፤ ቅዳሜ ለኮሚቴው ይገባል።

ኤንትሬ 4፦ «ቱቦና ሮንዴላ» ብሎ ማለፍ አይቻልም። አምና በጅምላ የመጣው የአትክልት ማጠጫ ቱቦ ነበር፤ ናፍጣ ሲነካው ደርቆ ተሰነጠቀ። እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ ናፍጣ የሚችል፣ ውስጡ ክር ያለው ጥቁር ጎማ፣ ባለ 8 ሚሊ 20 ሜትር፣ ባለ 10 ሚሊ 15 ሜትር። ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) 60 ፍሬ። በሽቦ የታሰረ ቱቦ አንድም እንዳይቀር። ሽቦ ጎማውን ይቆርጠዋል እንጂ ዙሪያውን እኩል አይጨብጠውም።

የኮምቦልቻ ጋራዥ፦ የመዳብ ሮንዴላ የ12፣ የ14ና የ16 ሚሊ፣ ከየዓይነቱ 50። ውስጡ ቀዳዳ የሆነው ብሎን ከላይና ከታች ሁለት ይበላል፤ አንድ አድርገው የሰጡት መኪና አለ። አሮጌውን መመለስ ግድ ከሆነ ቀይ እስኪሆን አግሎ ውሃ ውስጥ መክተት፣ ከዚያ ጥቁሩን ቅርፊት በብርጭቆ ወረቀት ማንሳት። እንዲሁ ደግመው ቢያጠብቁት ደርቋልና አይቀመጥም። ቴፍሎን የሚባል ነገር ደግሞ እዚያ ቦታ አይግባ። ቁራጩ ሄዶ የፖምፓውን ቫልቭ ነው የሚይዘው። ሲሊኮንም ያው ነው፤ ናፍጣ ያሟሟውና ፊልትሮ (ማጣሪያው) ውስጥ ይገኛል።

የሐይቅ መስመር፦ ከታንከሩ የሚቀዳው ናፍጣ የማን ነው? ረቂቁ ላይ አላየሁም።

ጸሐፊ፦ የባለመኪናው ነዋ። የማን ሊሆን ነው?

የሐይቅ መስመር፦ አምናም እንዲሁ ተብሎ ነበር። 40 ሊትር ይዞ ገብቶ 25 ይዞ የወጣው መኪና የማን እንደሆነ አልናገርም።

የኮምቦልቻ ጋራዥ፦ ማንን ነው? ደፍረህ በግልጽ ጻፈው። ከታንከር ሥር የሚወጣው ውሃና ዝቃጭ ነው፤ ተደፋ፣ አለቀ።

መርሳ፦ 15 ሊትር ውሃ? ወላሂ ያ መኪና ከሎጎ ሐይቅ ነው የቀዳው።

ሒሳብ ሹም፦ እስቲ ሒሳቡን እዩት። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያፈስ መኪና፣ ጠብታውን 0.05 ሚሊ ሊትር ብንለው፣ በ24 ሰዓት ከ4 ሊትር በላይ ይደፋል። የምትጣሉበትን 15 ሊትር በአራት ቀን መሬት ይጠጣዋል።

የሐይቅ መስመር፦ መሬት ቢጠጣው አይቆጨኝም። ሰው ሲጠጣው ነው።

ኤንትሬ 4፦ የሚንጠባጠበውማ ይታያል። ሐረጎ ዳገት ላይ የሚያስቀረን የማይታየው ነው። ከታንከር እስከ መጋቢው ፖምፓ ያለው መስመር ይስባል እንጂ አይገፋም፤ እዚያ ላይ ክፍተት ካለ ናፍጣ አይወጣም፣ አየር ይገባል። ምልክቱ፦ ጠዋት አልነሳም ይላል፣ ታንከሩ ከግማሽ ሲወርድ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። ይህን አይቶ ፖምፓ አስፈትቶ፣ ኖዝል (ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጨውን) አስቀይሮ ገንዘቡን የጨረሰ ስንት ነው። ረቂቁ ላይ 30 ሳንቲ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ይጨመር። ከፊልትሮው በፊት ይገባል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ አረፋ ካለ ይታያል። ከዚያ የታንከሩን መስመር ነቅሎ ንጹሕ ናፍጣ ካለበት ጀሪካን መሳብ ነው። አረፋው ከጠፋ ችግሩ ከታንከር ወገን ነው፤ ካልጠፋ ከመጋቢው ወዲህ ፈልጉ።

የሐይቅ መስመር፦ የጀሪካኑ ናፍጣስ ከማን ይመጣል?

ኤንትሬ 4፦ አንተ ሰውዬ!

በያጅ፦ ብየዳውን በነጻ እሠራለሁ። ኤሌክትሮድ አቅርቡ፣ ታንከሩ ታጥቦ ይቆየኝ።

የኮምቦልቻ ጋራዥ፦ መታጠቡ እንዴት እንደሆነ ይጻፍ። «ናፍጣ አይፈነዳም» የሚል ሰው እዚሁ መካከላችን አለ። ከላሜራው ጋር የተጣበቀው ዝቃጭ እሳት ሲነካው ይተናል፤ ትነቱ ነው የሚፈነዳው። ሁለት ጊዜ በፈላ ውሃና በኦሞ አንቀጥቅጦ ማጠብ፣ ከዚያ የሚበየደውን ቦታ ወደ ላይ አዙሮ ከሥሩ ጥቂት ሳንቲ እስኪቀር ውሃ መሙላት፣ ክዳንና ቧንቧ ክፍት። ሌላው፣ አምና የተለጠፈው የጣራ ቆርቆሮ ይነሳ። ዚንኩ ከናፍጣ ጋር ሳሙና የመሰለ ነገር ይሠራና ኖዝል ጫፍ ላይ ይጋገራል። 2 ሚሊ ጥቁር ላሜራ፣ ማዕዘኑ የተከረከመ። ቀዳዳዋን ብቻ መድፈን አይሆንም፤ ዙሪያው የሳሳው ሁሉ ተቆርጦ ይውጣ። ዝገቱ የሚበላው ከማሰሪያው ቀበቶ ሥር ነው፤ ሲመለስ በቀበቶውና በታንከሩ መካከል ጎማ ይግባ።

መርሳ፦ ክዳን የሌላቸው መኪኖች ላይ ፌስታልና ጨርቅ የወተፋችሁ ክዳን ግዙ። ትንፋሽ ማስገቢያው ሲደፈን ታንከሩ ውስጥ አየር አይገባምና ናፍጣው አልሄድ ይላል።

ደሴ 2፦ ፍተሻውን ለኔ ተዉት። ኮምፕረሰር አለኝ፤ 6 ባር ነፍቼ በላርጎ አረፋ አሳያችኋለሁ።

ኤንትሬ 4፦ ታንከሩን ልታፈነዳው ነው? 0.2 ባር እንኳ 60 በ60 ሳንቲ የሆነን ገጽ ከ700 ኪሎ በላይ ነው የሚገፋው። ታንከሩን ውሃ ሞልተህ ከአፉ 2 ሜትር ቱቦ አቁም፣ ቱቦውንም ሙላ። ያው 0.2 ባር ነው፤ ኮምፕረሰርም ጌጅም አያስፈልግም።

ደሴ 2፦ የደሴን የውሃ ፈረቃ ረሳኸው?

የኮምቦልቻ ጋራዥ፦ ለዚህ ነው ሥራው ኮምቦልቻ ይሁን የምንለው።

የሐይቅ መስመር፦ እንግዲያው ናፍጣውም ኮምቦልቻ ሊቀር ነዋ!

የኮምቦልቻ ጋራዥ፦ በቃኝ። ሌባ እየተባልኩ ጋራዤን አልሰጥም። ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ሒሳብ ሹም፦ አብሽሩ ጎበዝ። ቆልፈን እንጨርሰው፦ አንድ በርሜል ይገዛ፣ የተቀዳው እየተለካ ይግባ፣ ባለመኪናው ይፈርም።

የሐይቅ መስመር፦ ይሄ ይሻላል። ግን አንድ በርሜል ለ11 መኪና?

መርሳ፦ ሁለት ይሁን፣ የእጅ ፖምፓም ይኑረው። ማደያ ሰልፍ ሲረዝም ከዚያው እንበደራለን።

ደሴ 2፦ ይሄ ቁም ነገር ነው። 4 ይሁን።

ኤንትሬ 4፦ ናፍጣ በበርሜል ማከማቸት እንደሚያስጠይቅ የጠፋው አለ? ደግሞ የኖዝል ቧንቧዎቹ ጉዳይ ገና አልተነካም። አምና በነሐስ የተበየዱት 3 ቧንቧዎች ይጣሉ፣ አዲስ ይገዛ። እዚያ ውስጥ ከ150 ባር በላይ ነው ያለው፤ ብየዳው አይችለውም፣ ፍርፋሪውም ኖዝል ይዘጋል። ማቀፊያቸውም ይመለስ፤ ያላቀፉት ቧንቧ እየተንቀጠቀጠ አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል። ሲያፈስም ማንም በጣቱ እንዳይዳስስ። የሚረጨው ቆዳ በስቶ ይገባል። ካርቶን ማስጠጋት ነው።

ጸሐፊ፦ ሦስቱን ቧንቧ ጽፌያለሁ። በያጁስ? ኤሌክትሮዱ 2.5 ነው 3.2?

ጸሐፊ፦ በያጅ?

መርሳ፦ ወደ ወልዲያ ሄዷል አሉ። ስልኩ አይነሳም።

የኮምቦልቻ ጋራዥ፦ የበርሜሉ ቁልፍ ከኔ ውጭ ሌላ ሰውም ጋ የሚሆን ከሆነ ጋራዡን እሰጣለሁ።

ጸሐፊ፦ የተስተካከለው፦
1. በርሜል 2፣ የእጅ ፖምፓ 1፣ ቁልፍ፣ መለኪያ ጀሪካን፣ የፊርማ መዝገብ
2. የኖዝል ቧንቧ 3
3. ቱቦ 15 ሜትር፣ ፋሸታ 20 (ለበርሜሉ ተቀንሶ)
4. ታንከር ማጠብና ብየዳ፣ በያጅ ሲገኝ
5. ልዩ ልዩ

ኤንትሬ 4፦ ሮንዴላው የት ሄደ? ብርሃን የሚያሳልፈው ቱቦስ?

ጸሐፊ፦ ልዩ ልዩ ውስጥ ነው።

ኤንትሬ 4፦ የ30 ሳንቲ ቱቦ ቀንሳችሁ በርሜል ገዛችሁ። እሺ፣ በርሜሉስ ውስጡ ምን ነበረበት? ዘይት ከሆነ ይታጠብ፣ ኬሚካል ከሆነ አይገዛ።

ሒሳብ ሹም፦ የዘይት ነው ብሏል ሻጩ።

የሐይቅ መስመር፦ ቁልፉ ስንት ነው?

ጸሐፊ፦ ሁለት። አንዱ ደሴ፣ አንዱ ኮምቦልቻ።

የሐይቅ መስመር፦ ደሴ ማን ጋ?