ትምህርት ቤት የተማርነው የውጭ ቋንቋ ኋላ ምን ይጠቅመናል?

ጠያቂዋ
ሰላም ለሁላችሁ። ሃይስኩል እያለሁ ፈረንሳይኛ ተምሬያለሁ፣ ውጤቴም ጥሩ ነበር። አሁን ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ በፈረንሳይኛ የሚያናግረኝ ሰው የለም፣ ግስ ማርባቱም ጠፍቶብኛል። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ወይ ቋንቋ ወይ ተጨማሪ ኮምፒውተር መምረጥ አለባት። «አንቺ ተምረሽው ምን አተረፍሽ?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። ቋንቋውን ሳይጠቀምበት ለቀረ ሰው ከትምህርቱ የሚቀርለት ነገር አለ ወይ?

ዘመን
እህቴ፣ ጠፋ ያልሽው ሁሉ አልጠፋም። ሃሪ ባህሪክ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1984 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት አለ። ትምህርት ቤት ስፓኒሽ የተማሩ ከ700 በላይ ሰዎችን ፈተነ፤ ገና እየተማሩ ካሉት ጀምሮ ትምህርቱን ከጨረሱ 50 ዓመት እስከሆናቸው ድረስ። እውቀታቸው በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ዓመታት ቶሎ ይቀንሳል፤ ከዚያ የተረፈው ግን ለ25 ዓመትና ከዚያም በላይ ብዙም ሳይነካ ይቆያል፣ ያውም አብዛኞቹ በመሃል ቋንቋውን እምብዛም ሳይጠቀሙበት። ብዙ የተማረና ጥሩ ውጤት የነበረው ደግሞ የበለጠ ተርፎለታል። አንቺ ከእነዚህ ውስጥ ነሽ።

የሌሊት ተረኛ
እኔ ነርስ ነኝ። አረብኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው፣ አቀላጥፌ አልናገርም። አንድ ሌሊት ከአረብኛ ሌላ የማያውቁ እናት መጡ፤ አስተርጓሚ አልነበረም። የት እንደሚያማቸውና መቼ እንደጀመራቸው መጠየቅ ቻልኩ። መልሳቸው ረጅም ስለነበር ግማሹን አልያዝኩትም። ከዚያ ከቦርሳቸው በእጅ የተጻፈ የመድኃኒት ዝርዝር አወጡ፣ እሱም በአረብኛ ነው። ፊደሉን እየቆጠርኩ ሳነበው አንዱ «ዋርፋሪን» ሆኖ ተገኘ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ነው፣ ሐኪሙ መርፌ ከማዘዙ በፊት ማወቅ አለበት፤ ሮጬ ነገርኩት። ለእኔ ከዚያ ትምህርት የቀረልኝ ትልቁ ነገር ግን ድፍረቱ ነው። የማላውቀው ቋንቋ ፊቴ ሲነገር አልደነግጥም፣ የያዝኩትን ይዤ እጠይቃለሁ።

ልቃወም
ሁላችሁም ያላችሁት ደስ ይላል፣ ግን ሰዓቱን አስሉት እንጂ። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ሲያሠለጥን ለስፓኒሽ ከ600 በላይ የክፍል ሰዓት ይመድባል፤ ለአረብኛ፣ ለቻይንኛና ለጃፓንኛ ከ2000 በላይ። ተማሪ በሳምንት 3 ክፍለ ጊዜ፣ አንዱን በ45 ደቂቃ ቢማር፣ በ36 ሳምንት 81 ሰዓት ነው። 4 ዓመት ቢማር 324። ክፍሉ በተማሪ ከተጨናነቀ ደግሞ አንድ ልጅ አፉን ከፍቶ የሚናገረው ስንት ደቂቃ ነው? እኔን የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው፦ ልጁ ዓመቱን ሙሉ የግስ ሠንጠረዥ ሲሸመድድ ከርሞ መናገር ሲያቅተው «እኔ ቋንቋ አይገባኝም» ብሎ ይደመድማል፣ ያንንም ይዞ ያረጃል። በኋላ ሥራ ቦታ የቋንቋ ሥልጠና ሲመጣ ገና ከመጀመሩ እጁን ይሰጣል። ጥፋቱ የልጁ አይደለም።

ጠያቂዋ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። @ልቃወም፣ ታዲያ አትውሰደው ማለትህ ነው?

ልቃወም
ኧረ በፍጹም! ትውሰደው፣ ግን መጀመሪያ ባለፈው ዓመት የተማሩትን ትጠይቅ፦ መምህሩ ያናግራቸዋል ወይስ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ያስገለብጣቸዋል? የሚያናግር ከሆነ ዓይኗን ሳታሽ ትመዝገብ።

ዘመን
በዚህ እስማማለሁ። ላንቺም አንድ ነገር ልጨምር። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1885 እ.ኤ.አ. በራሱ ላይ ሞክሮ እንዳሳየው፣ ተረሳ የተባለ ነገር እንደገና ሲጠና ከመጀመሪያው ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። እህትሽ ፈረንሳይኛ ከመረጠች አብረሻት የቤት ሥራውን ሥሪ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ አንቺ ጠይቂ እሷ ትመልስ። ኮምፒውተሩን ክረምት ላይ አጭር ኮርስ ወስዳ ትደርስበታለች፤ በየሳምንቱ አነጋገሯን እየሰማ የሚያርማት መምህር ግን ሥራ ከያዘች በኋላ በቀላሉ አታገኝም።